የእትዬ የክኒን ከረጢት

ኩዌት ውስጥ ያለን ሐበሾች ሁላችንም ሐኪሞች ነን። ራሴን አመመኝ በሉ ብቻ፤ "እኔ ጋ አለልሽ" የምትል እህት ከየትም ብቅ ትላለች። አይፈረድብንም። ማዳምን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ከማለት ከጓደኛ እጅ ክኒን መቀበል ይቀላል። ማዳም ስትጠየቅ መጀመሪያ ፊታችሁን ታያለች፣ ቀጥላ ሰዓቷን፣ ቀጥላ ያልተተኮሰውን የልብስ ክምር። እስክትመልስ ድረስ በሽታው ራሱ አፍሮ ይሄዳል።

የእኛ የጸሎት ኅብረት ሐኪም እትዬ ነበረች። በስሟ ጠርተናት አናውቅም፤ ለሁላችንም እትዬ ናት። ሻርቅ በሚባለው የከተማው ሰፈር ካሉት የመስታወት ፎቆች በአንዱ ቢሮ ታጸዳለች፤ እዚያው ሻርቅ አንድ አሮጌ ሕንጻ ላይ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ያገኘን ሁሉ እሷ ክፍል እንሰበሰባለን። ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንዘምራለን፣ እንጸልያለን፣ ቃል እንካፈላለን፤ ከመጨረሻው አሜን በኋላ ከረጢቱ ይወጣል።

ከረጢቱ ሽቶ ለገዛ ሰው በነጻ የሚሰጥ፣ ወርቃማ ዚፕና ማንገቻ ያለው ነገር ነው። ውስጡ የሌለ የክኒን ዓይነት የለም። ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣ አለ፣ ከፋርማሲ የተገዛ አለ፣ ማዳም አልፈልገውም ብላ የጣለችው አለ። እትዬ መቀሷን ታወጣና የእያንዳንዳችንን ችግር እየሰማች ከማሸጊያው ላይ እየቆረጠች ታድላለች። አንድ ደንብ ነበራት። ሁልጊዜ የምትቆርጠው ስሙ ካልተጻፈበት ጫፍ ነው። "ስሙ የቤት ነው፣ ክኒኑ የእንግዳ" ትላለች። ስሙ ያለበት ጫፍ እሷ ጋ ካልቀረ ሲያልቅ ምን ብላ ታስመጣ? እኛ ስም የሌላትን ቁራጭ ይዘን፣ "ነጯ የሽንት ናት፣ ቢጫዋ የጉንፋን ናት" እየተባባልን ወደየቤታችን እንበተናለን።

እትዬ ኢቃማ የላትም። የመኖሪያ ፈቃዷ የተቃጠለው ከመጀመሪያ አሠሪዋ ቤት ወጥታ የሄደች ጊዜ ነው፤ ለምን እንደወጣች የሰማ ሰው አይፈርድባትም። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ከቢሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቢሮ ሆነ፤ ያውም በእግር። አውቶቡስ አትሳፈርም፣ ታክሲ አትይዝም። ፖሊስ መንገድ ዘግቶ ወረቀት የሚጠይቅበትን ፍተሻ እዚህ ተፍቲሽ ይሉታል፤ እትዬ ቤት ተፍቲሽ የሰይጣን ሌላ ስሙ ነው። በጸሎታችን መጨረሻ "ከተፍቲሽ ሰውረን" ሳንል ተነስተን አናውቅም። ከተያዘች ወደ አገር ቤት መጠረዝ ነው፤ እናቷን የምታስታምመው፣ የሟች ወንድሟን ልጆች የምታስተምረው ደግሞ በዚያ መጥረጊያ ነው።

እኔ የምሠራው ሙባረክ አል-ከቢር የሚባል ሰፈር ነው፤ ቤቱ ሰፊ፣ ልጁ ብዙ፣ ማዳሟ አንድ ግን የምትበቃ። ስለ ራሴ ለመናገር አላፍርም፤ ቆንጆ ነበርኩ። ግንባሬ ላይ እንኳ አንዲት ብጉር ወጥታ አታውቅም። የማዳም እህቶች ሲመጡ "ፊትሽን በምን ነው የምትታጠቢው?" ይሉኛል፤ እኔም ሳቄን አፍኜ "በቧንቧ ውሃ" እላቸዋለሁ። እነሱ ለዚያ ፊት የሚከፍሉትን እግዚአብሔርና እናቴ በነጻ ሰጥተውኛል እያልኩ ደረጃውን ቀና ብዬ እጠርገው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ነው። ይሄን ለማዳም እንዴት ይነገራል? ለእትዬ ነገርኳት። ነጯን ቆርጣ ሰጠችኝና "ጠዋትና ማታ ከምግብ በኋላ፤ ውሃ በደንብ ጠጪ" አለችኝ። ተሻለኝ። ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ዓርብ ሌላ ቁራጭ ጨመረችልኝና ስውጥ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ሽንኩርት ስጠብስ ቆይቼ ከነሽታዬ ጣሪያ ላይ ምንጣፍ ላሰጣ ወጣሁ። በማግሥቱ አተኮሰኝ። ጉሮሮዬ ቆሰለ፣ ዓይኔ ቀላ፣ ደረቴ ላይ ወይን ጠጅ የሚመስሉ ነጠብጣቦች ወጡ። አጥራችንን ተሻግራ የምትሠራ አንዲት የጎንደር ልጅ አለች፤ ኦርቶዶክስ ናት፣ ኅብረታችን ውስጥ የለችም፣ ከከረጢቱ ግን ትካፈላለች። ከረጢቱ ሃይማኖት አይለይም። ቆሻሻ ስናወጣ አየችኝና አፏን ይዛ ቀረች።

"በማርያም፣ ይሄማ ምች ነው!" አለችኝ። "ሽንኩርት እየሸተተሽ ፀሐይ ላይ ትወጫለሽ እንዴ?"

እኔም አመንኳት። ማን የማያምን አለ? ሽታ ይዞ ፀሐይ የወጣን ሰው ምች እንደሚመታው እናቶቻችን ነግረውናል። የኩዌት ፀሐይ እንደሆነ የአገሩን ሕዝብ በሙሉ በምች ሊጥል ይችላል፤ ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ልጅቷ ከአገር ቤት የመጣላትን ደረቅ ዳማከሴ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። በውሃ ለውሼ ፊቴንና ደረቴን አሸሁት። እሳት የለቀቁብኝ መሰለኝ። ለእትዬ ስደውልላትም "ምች ከሆነ ይለቅሻል፤ ክኒኑን ግን እንዳታቋርጪ፣ ሲጋመስ ነው በሽታ የሚለምደው" አለችኝ። ይሄን ምክር ሐኪም ሲሰጥ ሰምታ የያዘችው ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ የተሰጠው ለትክክለኛው ሰው አልነበረም እንጂ። በሰዓቱ ዋጥኩት።

ከዚያ አፌ ውስጥ ውሃ ቋጠረ። ከንፈሬ አበጠ። ማዳም ወጥ ቤት ገብታ ስታየኝ እጇ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ።

"ሽፊች?" ምን ሆነሻል ማለቷ ነው። መልሴን አልጠበቀችም። "ጅደሪ! ጅደሪ!" እያለች ልጆቹን ወደ ፎቅ ነዳቻቸው። ፈንጣጣ ይዟታል ማለቷ ነው። ጣሪያ ላይ ያለችው ክፍሌ ውስጥ እንድቆይ አዘዘችኝና ምግቤን በር ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ተናድጄባት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ትራሱ ላይ ፊቴን ሳዞር የጉንጬ ቆዳ ተላጦ ትራሱ ላይ ቀረ። የጮኽኩት ጩኸት ምድር ቤት ተሰማ። ማዳም ደረጃውን በሩጫ ወጥታ አየችኝ። የራሷን አባያ፣ ጥቁሩን ረጅም መደረቢያዋን አልብሳኝ፣ ራሷ እየነዳች ሆስፒታል ወሰደችኝ። እውነቱን መናገር ይገባል፤ የተቆጣሁትን ያህል እመሰክርላታለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዓይኔ አብጦ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየሁት በጆሮዬ ነው። ዶክተሯ ረጋ ያለ ድምፅ ያላት ሴት ናት። እኔ የማውቀውን ያህል አረብኛ እየመረጠች ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ይሄ የሚጋባ በሽታ አይደለም አለች፤ ሰውነቴ አንድ ነገር ጠልቶ ራሱን እያቃጠለ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚያደርገው መድኃኒት ነው።

"ምን መድኃኒት ወሰድሽ?"

"ማኩ" አልኳት። ማኩ የኩዌቶች ቃል ነው፤ የለም፣ ምንም ማለት ነው።

"ምንም? የራስ ምታት ክኒን እንኳ?"

"ማኩ።"

በዚያች ሰዓት ነው የገባኝ። ነጯ ናት። ግን ነጯ ብል ማን ሰጠሽ ይላሉ። ማን ሰጠሽ ሲሉ እትዬ ልል ነው። ያለ ፈቃድ መድኃኒት የምታድል፣ ኢቃማ የሌላት ሴት፤ ፖሊስ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሆድ ይፍጀው አልኩ። የተላጠ ቆዳ ላይ ተኝቼ፣ የእትዬን የመጥረጊያ እጀታ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ዝም አልኩ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ተሰማኝ። "ሽንትሽ ውስጥ ያለው በሽታ አሁንም አለ። ሰውነትሽ ቆዳ ስለሌለውም ሌላ በሽታ ሊገባብሽ ይችላል፤ ያኔ መድኃኒት መስጠታችን ግድ ነው። ያቃጠለሽን ካላወቅሁ የምመርጥልሽ በጨለማ ነው። የዚያኑ ዘር ብሰጥሽ ዓይንሽንም አንቺንም ልናጣ እንችላለን" አለችኝ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ግን "ማኩ" አልኩ።

የጎንደሯ ልጅ ማዳሟን ለምና ልትጠይቀኝ መጣች። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገሩን ነገርኳትና "ለእትዬ ብትነግሪ አልምርሽም" አልኳት። "በማርያም አልነግርም" አለችኝ። ኮሪደሩን ሳትጨርስ ነው የደወለችው። ያቺ ልጅ ለአንድ ጊዜ እንኳ ምስጢር ጠብቃ አታውቅም፤ ዕድሜ ይስጣት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ተረከዙ ረጅም፣ እርግጠኛ፣ ቸኩሎ የማይቸኩል። ያንን ጫማ አውቀዋለሁ፤ የዓርብ ጫማዋ ነው። እትዬ ሁልጊዜ "የሚያዘው የፈራ ነው፤ የፈራ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል" ትላለች። የዓርብ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከሻርቅ ታክሲ ይዛ፣ ዓመታት ያልረገጠችውን አውራ ጎዳና አልፋ መጥታ ነው። በኋላ እንደነገረችኝ መንገድ ላይ ተፍቲሽ ነበር፤ ፖሊሱ ወደ ታክሲው ጎንበስ ሲል እትዬ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ ቀድማ ሰላም አለችው፣ እሱም በእጁ እለፉ አለ። 

በር ላይ ያለው ዘበኛ "ምኗ ነሽ?" ሲላት ሰማሁ።

"አና ኡምሃ" አለችው። እናቷ ነኝ።

እትዬ አልወለደችም። እኔን ለመውለድ የሚያበቃ ዕድሜም የላትም። ዘበኛው ግን አሳለፋት፤ በዚያ ድምፅ ላይ ምን ይባላል?

አልጋዬ አጠገብ ስትደርስ ትንፋሿ ተቋረጠ። ፊቴን አየች ማለት ነው። እንደማታለቅስ አውቃለሁ፤ አላለቀሰችም። "ዶክተሯ የት ናት?" አለች።

"እትዬ፣ ተመለሺ። በፈጠረሽ ተመለሺ" አልኳት። ከንፈሬ ስለተጣበቀ ግማሹ ቃል አልወጣም።

"አንቺ ዝም በይ። ዝምታ ከወደድሽ አሁን ነው ጊዜው።"

ዶክተሯ ስትመጣ የዚፑን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ክኒኖቹ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረገፉ። የሰው ሁሉ ሕመም የተንቃጨለ መሰለኝ። እትዬ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ ቆማ ተናገረች። እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ይሄንን ነው የሰጠኋት፤ ሲያተኩሳትም አታቋርጪ ያልኳት እኔ ነኝ። ከክምሩ ውስጥ የነጯን ጫፍ መዛ ሰጠቻት። ስሙ የቤት ነው፣ ክኒኑ የእንግዳ። ስሙ እዚያ ቁራጭ ላይ ነበር።

ዶክተሯ አነበበችው። "ሰልፋ" አለች፤ የነጯ ክኒን ዘር ስሙ ነው፤ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። "አሁን አወቅን።" ወዲያው ለነርሷ ምን እንደማይሰጠኝ፣ በምን እንደሚተካ ስትነግራት ሰማሁ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች።

"ይሄን ለሰው መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቅሽ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ መጣሽ?"

"ልጄ ናት" አለች እትዬ። ዶክተሯ ለፖሊስ አልደወለችም።

እኔ ያኔ የተዘጋው ዓይኔ ስር እንባዬ እያቃጠለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም። በፊቴ ኮርቼ አውቃለሁ፣ በጠራረግሁት ደረጃ ኮርቼ አውቃለሁ። የዚያን ቀን የኮራሁት ግን በሰው ነው። አንድ ሰው ለእኔ ሲል እንጀራውን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።

እትዬ ስትወጣ ዘበኛው አሁንስ ነቅቷል። "ቢጣቃሽን አሳዪኝ" አላት፤ መታወቂያ።   ያኔ ልትጠይቀኝ መጥታ ከበር ሆና ሁሉን ሰምታ የነበረችውን የማዳምን ድምፅ ሰማሁ፤ ያ ሲቆጣ ቤት የሚያናውጠው ድምፅ።

"ሀዚ ወያይ!" ይቺ ከእኔ ጋር ናት። "ምን ትፈልጋለህ? በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ወረቀት ይጠየቃል እንዴ?"

ዘበኛው ይቅርታ ጠየቀ። ማዳም እትዬን በራሷ መኪና እስከ ሻርቅ አደረሰቻት። ከኋላ ወንበር እንደ ሙሽራ ተቀምጣ ሄደች ብዬ ስቀልድባት እትዬ ትቆጣለች፤ ማዳም መንገዱን ሙሉ ስትጮህባት ነበርና። "ለሰው ልጅ ያገኘሽውን ታጎርሻለሽ? ዶሮ እንኳ መርጦ ይመገባል! እሷስ ለምን አልነገረችኝም?" እያለች። እትዬም "ብትነግርሽ ትወስጃት ነበር?" አለቻት። 

ዳንኩ። ቀስ ብዬ፣ እያመመኝ፣ ግን ዳንኩ። ጥፍሮቼ ወልቀው አዲስ በቀሉ። ዓይኔ ተመለሰ፤ ንፋስ ሲነካው ያስለቅሰኛል እንጂ ያያል። ቆዳዬ ሌላ ሆነ። ጉንጬና አንገቴ ላይ የጠቆሩ ቦታዎች ቀሩ፣ እጄ ላይ ደግሞ ቀለሙ የሸሸ ነጣ ያለ። የማዳም እህቶች ፊቴን በምን እንደምታጠብ መጠየቅ አቆሙ። ማዳም ግን ከዚያ ወዲህ ሳስል እንኳ ሐኪም ቤት ሂጂ ብላ ታደርቀኛለች፤ አሁን ደግሞ ይሄ በሽታ ሆነብኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኅብረቱ የተመለስኩ ዕለት ሻሽ ተሸፋፍኜ ልሄድ አስቤ ነበር። በር ላይ ስደርስ አወለቅሁት። መዝሙሩ ተቋረጠ። አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ እትዬ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን ከምንጣፉ አላነሳችም። ሁልጊዜ መዝሙር የምታነሳው እሷ ነበረች። ስለ ከረጢቱ ጠየቅሁ። እትዬ ከአልጋ ስር ወርውራው አንድም ሰው እንዲነካው አትፈቅድም ነበር። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አገጯን ይዤ ቀና አደረግኋት።

"እይኝ እንጂ እትዬ። ያተረፍሽልኝን ፊት ለምን ትሸሺዋለሽ?"

ያኔ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ከረጢቱን አውጥተን ሁላችንም ከብበን ለየነው። ስም የሌለው ሁሉ ተጣለ። ሐኪም ሳያይ የማይዋጠው ሁሉ ተጣለ። የቀረው ትንሽ ነው፤ የራስ ምታት፣ የተቅማጥ ዱቄት፣ የቁስል ፕላስተር። መቀሱ ተከለከለ። እትዬ ይህን ሁሉ ካየች በኋላ "ከረጢቱማ ቀለለ፤ እኛ ነን የከበድነው" አለች። ሳቅን።

ኋላ ላይ መንግሥት ወረቀት የሌላቸው ያለ ቅጣት እንዲወጡ ምሕረት ሲያደርግ እትዬ ሄደች። ተጠርዛ አይደለም፤ ሻንጣዋን ራሷ እየገፋች፣ የዓርብ ጫማዋን አድርጋ። የሰበሰበችውን ይዛ አገር ቤት ሱቅ ከፍታለች። ልሸኛት ኤርፖርት ስሄድ ከረጢቱን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። አይሆንም አልኳት። "ያልተቃጠለ ሰው እሳት አይጠብቅም" አለችኝና ገባች።

አሁን ከረጢቱ እኔ ጋ ነው። ባለፈው ዓርብ አሕመዲ ከሚባል ሰፈር አዲስ ልጅ መጣች፤ ገና ከአገር ቤት የገባች፣ ጉንጯ እንደ ድሮ ጉንጬ የጠራ። "እትዬ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ የሆነ ነገር ስጪኝ" አለችኝ። እትዬ ብላ ስትጠራኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ፤ እኔ ነኝ ለካ። ክኒን ከመስጠቴ በፊት እንደማደርገው እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ነጣ ነጣ ያሉትን ቦታዎች በጣቷ ነካቻቸው። ነገሩን ሁሉ አጫወትኳት፤ ሰኞ ሐኪም ቤት እንድትሄድ ከማዳሟ ጋር እኔ ራሴ እንደማወራላት ነገርኳት።

ልጅቷ እጄን አልለቀቀችም። "ያንን ክኒን የሰጠችሽ ማን ናት?" አለችኝ፣ ፊቷ ተቆጥቶ።

"እናቴ ናት" አልኳት።